ቮልቴጅ ያላፋጠነው ኬብል፦ የ1858ቱ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ጉዳይ

ኦገስት 16 ቀን 1858 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን በባሕር ሥር በተዘረጋ ሽቦ መልእክት ላኩ። መልእክቱ 98 ቃላት ነበር። ከአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቫለንሺያ ደሴት ተነስቶ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ትሪኒቲ ቤይ ደርሶ እስኪያልቅ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲካፈል ለአንድ ቃል 10 ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው።

ያኔ ግን ማንም በዚህ አልተከፋም። ደብዳቤ በእንፋሎት መርከብ ከሳምንት በላይ በሚፈጅበት ዘመን 16 ሰዓት ተአምር ነው። ኒውዮርክ ርችት ስትተኩስ የገዛ ማዘጋጃ ቤቷን ጣሪያ በእሳት ለኮሰች፤ ቲፋኒ የተባለው ጌጣጌጥ ቤት ከዝርጋታው የተረፈውን ኬብል ቆራርጦ ለማስታወሻ ቸበቸበው። የእንግሊዝ መንግሥትም ከካናዳ ሊሳፈሩ የነበሩ ወታደሮችን በአጭር መልእክት አስቀርቶ ብዙ ሺህ ፓውንድ አተረፈ። ሴፕቴምበር ሲገባ ኬብሉ ሞተ።

ብዙ ጊዜ የሚተረከው ይህ አሟሟቱ ነው። አንድ ግትር ሰው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ለቅቆበት አቃጠለው ይባላል። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ኬብሉ በደህናው ቀንም ቀርፋፋ ነበር፣ ሰውየው ቮልቴጁን የጨመረውም ያንን ቀርፋፋነት አሸንፋለሁ ብሎ ነው። ሲግናሉ ከደከመ በርትተህ ግፋው ማለት ማንም የሚያስበው ነገር ነው። ለምን እንዳልሠራ ለማየት ደግሞ ከባድ ሂሳብ አያስፈልግም። ሁለት ሐሳቦች ይበቃሉ፤ አንዱ ስርጭት ነው፣ ሌላው ሊኒያርነት።

ሁለቱ ሰዎች

ያ ግትር የተባለው ሰው፣ ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ በሙያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ኤሌክትሪክን በራሱ ጥረት የተማረ፣ እጁ የማያርፍ ሞካሪ ነው። የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊው አድርጎ ሾመው። ዊሊያም ቶምሰን ደግሞ በ22 ዓመቱ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን ተብሎ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። በኩባንያው ውስጥ የቦርድ አባል ነበር፤ ሥልጣኑ ግን የምክር ያህል ነው። የኬብሉ ውፍረት የተወሰነውም የእሱ ምክር ሳይሰማ ነው።

የባሕር ኬብል በየብስ ላይ በእንጨት ተሰቅሎ ከሚሄደው ሽቦ የሚለየው በምኑ እንደሆነ በ1854 ማይክል ፋራዴይ አስረድቶ ነበር። መሐል ላይ መዳብ አለ፣ ዙሪያውን ጉታ ፐርቻ የተባለ ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ መሰል ማገጃ አለ፣ ከውጭ ደግሞ ብረትና የባሕር ውሃ አለ። ሁለት አስተላላፊ ነገሮች፣ በመካከላቸው ስስ ማገጃ፤ ይህ እኮ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። ልዩነቱ ርዝመቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ብቻ ነው። ከአንዱ ጫፍ የገባው ቻርጅ ወደ ሌላው ጫፍ ሲጓዝ በየመንገዱ ይህን ካፓሲተር እየሞላ ማለፍ አለበት።

በርሜሎቹ

ብዙ በርሜሎች በረድፍ ተደርድረዋል እንበል። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር በግርጌው በቀጭን ጎማ ተገናኝቷል። የውሃው ከፍታ ቮልቴጅ ነው፣ የጎማው ቅጥነት ሬዚስታንስ፣ የበርሜሉ ስፋት ካፓሲታንስ። በመጀመሪያው በርሜል አንድ ባልዲ ውሃ ገለበጥን። ምን ይሆናል? ውሃው እንደ ጎርፍ ግንባር ይዞ አይሄድም። የመጀመሪያው በርሜል ዝቅ ይላል፣ ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ሦስተኛው ትንሽ ያገኛል፣ አሥረኛው ደግሞ በዓይን የማይታይ ያህል ይነካካዋል። የተገለበጠው ባልዲ ስለታም ቅርጹን አጥቶ ዝርግ ጉብታ ይሆናል። ስርጭት ያልኩት ይህን ነው።

በመሐል ያለ አንድ በርሜል የሚያውቀው ሁለት ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። የሁለቱ አማካይ ከእሱ ከበለጠ እሱ ይሞላል፤ ካነሰ ይጎድላል፤ እኩል ከሆነ ባለበት ይቆያል። ሕጉ ይኸው ነው። የሂሳብ መጽሐፍ ላይ "የቮልቴጅ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ በቦታ" ተብሎ ተጽፎ ተማሪን የሚያስደነግጠው ነገር ትርጉሙ ይህ ነው፤ አንድ ነጥብ ከጎረቤቶቹ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። ሹል ጫፍ ከጎረቤቶቹ በጣም የራቀ ስለሆነ ቶሎ ይናዳል፤ ለስላሳ ጉብታ ግን ከጎረቤቶቹ ብዙም ስለማይለይ ረጅም ዕድሜ አለው።

ቶምሰን ይህን እኩልታ ሲያይ አልተቸገረም፤ በልጅነቱ ያውቀዋል። ጆሴፍ ፉሪየር በ1822 ባሳተመው የሙቀት ቲዎሪ ውስጥ ሙቀት በብረት ዘንግ ላይ እንዴት እንደሚሄድ የሚገልጸው እኩልታ ነው፣ ቶምሰን ደግሞ ያን ሥራ ያነበበው በ15 ዓመቱ ነው። በ1854 ከሂሳብ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ ላይ ሙቀት የሚለውን በቮልቴጅ ተካው፣ መልሱም እዚያው ነበር። የፉሪየር መፍትሔዎች ሁሉ በነጻ ተገኙ ማለት ነው። በፊዚክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ውርስ ሲገኝ ደስ ይላል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ "የካሬ ሕግ" ተብሎ ታወቀ፦ ኬብሉ በእጥፍ ሲረዝም መዘግየቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ምክንያቱን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ቆጠራ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ቻርጁ የሚያልፍበት ሬዚስታንስ እጥፍ ይሆናል፣ መሞላት ያለበት ካፓሲታንስም እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜውን የሚወስነው የሁለቱ ብዜት ነውና ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። ሁለተኛው መንገድ ጠለቅ ይላል። አንዲት ጠብታ ከአንዱ በርሜል ወደ ቀኝም ወደ ግራም መሄድ ትችላለች፣ ወደ አሜሪካ የሚገፋት የተለየ ኃይል የለም። በዘፈቀደ የሚራመድ ነገር ከ100 እርምጃ በኋላ ከተነሳበት የሚርቀው በአማካይ 10 እርምጃ ያህል ነው፣ ከ10,000 እርምጃ በኋላ ደግሞ 100። 10 እጥፍ ለመራቅ 100 እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት እዚያው ካሬ ላይ ነው።

ሲግናሉ "መቼ ደረሰ"?

ዋይትሃውስ በ1856 ተነስቶ የካሬ ሕጉ ከሙከራዎቼ ጋር አይገጥምም አለ። ውሸታም አልነበረም፣ ለክቶ ነው የተናገረው። ክፍተቱ የለካው ነገር ላይ ነበር። የእሱ መቀበያ ሪሌይ ነው፤ ከረንቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ በታች ዝም። ስለዚህ "ደረሰ" የሚለው ጠቅ ያለበትን ቅጽበት ነው። በስርጭት ውስጥ ግን የመድረሻ ቅጽበት የሚባል ነገር የለም። ከረንቱ ከኢምንት ተነስቶ ቀስ እያለ ያድጋል፤ "አሁን ደረሰ" የሚለው መስመር የት እንደሚሰመር የሚወስነው መሣሪያው ነው። መስመሩን ዝቅ ካደረግኸው ወይም ቮልቴጁን ከጨመርክ ቶሎ የደረሰ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቁጥር ይርዳን። ለግምት ያህል በኪሎ ሜትር 7.5 ኦም፣ 0.2 ማይክሮፋራድ፣ ርዝመቱን ደግሞ 3,500 ኪሎ ሜትር እንውሰድ። የጠቅላላው ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ብዜት ወደ 18 ሴኮንድ ይመጣል። ያ የኬብሉ የጊዜ ሚዛን ነው። ኤሌክትሮማግኔታዊ ሞገድ ያን ርቀት ለመሄድ የሚፈልገው ጥቂት አሥር ሚሊ ሴኮንድ ብቻ መሆኑን አስቡ። ሽቦው የሚያዘገየው በፍጥነት ማነስ አይደለም፤ በመሙላት ነው።

አሁን ላኪው ቁልፉን ለ1 ሴኮንድ ተጭኖ ለቀቀ። የፉሪየርን መፍትሔ ይዤ ሳሰላው በሌላው ጫፍ የሚታየው ከረንት 2 ሴኮንድ አለፍ ሲል ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እየተንቀራፈፈ ይወርዳል። ጣሪያው ራሱ ቁልፉ ሳይለቀቅ ቢቆይ ኖሮ ከሚደርስበት ከረንት ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ሪሌዩ ከዚያ ሙሉ ከረንት 10 በመቶ ሲያልፍ ጠቅ እንዲል ተስተካክሏል እንበል። 1.2 ሴኮንድ ላይ ይከፈታል፣ 5 ሴኮንድ ሊሆን ሲል ይዘጋል። የ1 ሴኮንድ ምልክት 3.7 ሴኮንድ ሆነ።

ዋይትሃውስ እንዳሰበው ቮልቴጁን 10 እጥፍ እናድርገው። ሪሌዩ አሁን 0.7 ሴኮንድ ላይ ይከፈታል። ግማሽ ሴኮንድ ተረፈ፤ ሰውየው ያየው ይህን ነው፣ አይቶም ተደሰተ። ጭራውን ግን ተመልከቱ። ከረንቱ ሁሉ 10 እጥፍ ስለሆነ ከመስመሩ በታች የሚወርደው 9 ሴኮንድ ላይ ነው። የ1 ሴኮንዱ ምልክት 8.4 ሴኮንድ ሆኖ ቁጭ አለ፣ የሚቀጥለው ፊደል ደግሞ ያን ሁሉ መጠበቅ አለበት። ከፊት ግማሽ ሴኮንድ አገኘ፣ ከኋላ ከ4 ሴኮንድ በላይ ከሰረ።

ሊኒያርነት የሚባለው ይህ ነው። በበርሜሎቹ ሕግ ውስጥ መደመርና ማካፈል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሁለት ባልዲ ብንገለብጥ እያንዳንዱ በርሜል በእያንዳንዱ ቅጽበት በትክክል የበፊቱን እጥፍ ውሃ ይይዛል። ጉብታው ከፍ ይላል፣ ግን አይሾልም፤ ስፋቱ ያው ነው። ቅርጹን የሚወስነው የሬዚስታንስና የካፓሲታንስ ብዜት ነው፣ ቮልቴጅ በዚያ ብዜት ውስጥ ጭራሽ የለም። ከ2,000 ቮልት አይደለም ከ20,000 ቮልት ጋር ብትመጣም ያ 18 ሴኮንድ ንቅንቅ አይልም።

በፍሪኩዌንሲ ሲታይ

የሲግናል ሰዎች ይህንኑ ነገር በሌላ ዓይን ያዩታል። ማንኛውንም ምልክት የሳይን ሞገዶች ድምር አድርገህ ውሰደው። በዚህ ኬብል ላይ እያንዳንዱ ሳይን ሳይን እንደሆነ ይቀራል፣ ግን ይዘገያል፣ ቁመቱም ያንሳል፤ የሚያንሰውም እንደ ፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ሩት መጠን በኤክስፖኔንሺያል ነው። በዚያው 18 ሴኮንድ ሲሰላ በ10 ሴኮንድ አንዴ የሚወዛወዘው ሞገድ 9 በመቶ ያህሉ ይተርፋል። በሴኮንድ አንዴ የሚወዛወዘው ከ2,000 አንድ ገደማ ብቻ። በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚወዛወዘው ከ20 ቢሊዮን አንድ። ስለታም ጠርዝ ደግሞ የተሠራው ከእነዚህ ፈጣን ሞገዶች ነው። ፈጣኖቹ ከሞቱ ነጥብና ሰረዙን የሚለይ ነገር የለም። ቮልቴጅ ሲጨመር ዘገምተኞቹም ፈጣኖቹም እኩል ስለሚባዙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሳይነካ ይቀራል።

የቶምሰን መስታወት

ቶምሰን ለዚህ ያበጀው መሣሪያ የመስታወት ጋልቫኖሜትር (ከረንት ማሳያ) ነው። በቀጭን ክር የተንጠለጠለች ትንሽ መስታወት፣ ጀርባዋ ላይ የተለጠፉ ደቃቅ ማግኔቶች፣ ዙሪያዋን የሽቦ ጥቅል። መብራት መስታወቷ ላይ ያርፍና ነጸብራቁ ሚዛን በተሳለበት ሰሌዳ ላይ ይወድቃል። ከረንት ሲመጣ መስታወቷ በጥቂቱ ትዞራለች፣ የብርሃኑ ነጠብጣብ ደግሞ በሰሌዳው ላይ ግራ ቀኝ ይሄዳል።

ብዙ ጽሑፎች መሣሪያው "በጣም ስሱ ስለነበር" ሠራ ብለው ያልፋሉ። ይህ አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። ስሱ መሆን ብቻውን መስመሩን ዝቅ ማድረግ ነው፣ ያ ደግሞ በሊኒያር ነገር ላይ ቮልቴጅን ከመጨመር አይለይም፤ ያው ረጅም ጭራ ይመጣል። ቁም ነገሩ መስታወቷ ጠቅ አለማለቷ ነው። ኦፕሬተሩ የሚያየው ነጠብጣቡ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው። ያለፈው ፊደል ጭራ ነጠብጣቡን ወደ ቀኝ ወስዶት ቢቆይ እንኳ፣ በዚያ ላይ አዲስ የግራ ምልክት ሲመጣ መታጠፉን ያያል። ከረንቱን ትቶ የከረንቱን ለውጥ ያነብባል፤ በዛሬ አነጋገር ዘገምተኛውን ክፍል ቀንሶ ፈጣኑን ያጎላል። ክሮምዌል ቫርሊ የተባለ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኬብሉ ጫፍ ካፓሲተር አስገብቶ ይህንኑ ሥራ ከሰው ዓይን ወደ ዕቃ አዛወረው። ዛሬ በየቺፑ ውስጥ ኢኳላይዘር ተብሎ የሚገኘው ነገር የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል።

እና ምን ሆነ

በቫለንሺያ በኩል ዋይትሃውስ ቮልቴጅ በሚያሳድጉት ባለ 5 ጫማ የኢንዳክሽን ጥቅሎቹ 2,000 ቮልት ገደማ በኬብሉ ላይ ለቀቀ። የእሱ መቀበያ ግን ለማንበብ አልቻለም፤ የመጡትን መልእክቶች ያነበበው የቶምሰን መስታወት ነው። ዋይትሃውስ ያን እያነበበ በራሱ ማሽን የተቀበለ አስመስሎ ለኩባንያው አሳወቀ። ኦገስት ሳያልቅ ተባረረ።

እውነት ለመናገር ኬብሉን እሱ ብቻ ገደለው ማለት ይከብደኛል። ከመጀመሪያውም የተጎዳ ነበር። ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተከማችቶ ጉታ ፐርቻው በሙቀት ለስልሶ መዳቡ በቦታዎች ከመሐል ተንሸራቷል፤ በ1857 የመጀመሪያው ዝርጋታ ከከሸፈ በኋላ ደግሞ ከመርከብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መርከብ ሲመላለስ ከርሟል። 2,000 ቮልቱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ ለሲግናሉ ቅርጽ የማይፈይደው ሊኒያር ስለሆነ ነው ብለናል፤ ማገጃው ግን ሊኒያር አይደለም። የተወሰነ መጠን እስኪያልፍ ይችላል፣ ካለፈ ይበሳል።

መንግሥትና ኩባንያው በጋራ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ በ1861 ያወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከተዘረጋው 11,000 ማይል በላይ የባሕር ኬብል የሚሠራው 3,000 ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳየ። የ1865ና የ1866 ኬብሎች የተሠሩት በቶምሰን ስሌት ነው። በ1858 ለአንድ የባሕር ማይል ክብደቱ 107 ፓውንድ የነበረው መዳብ 300 ፓውንድ ሆነ፣ 261 ፓውንድ የነበረው ጉታ ፐርቻ 400። ወፍራም መዳብ ሬዚስታንሱን ወደ ሲሶ ያወርዳል፣ ወፍራም ማገጃ ደግሞ መዳቡ ሲወፍር ካፓሲታንሱ እንዳያብጥ ይይዘዋል። ያን 18 ሴኮንድ መቀነሻው መንገድ ይኸው ነበር። ግሬት ኢስተርን የተባለችው መርከብ ጁላይ 27 ቀን 1866 ጫፉን ኒውፋውንድላንድ አደረሰች፣ በደቂቃ ጥቂት ቃላት ማለፍ ጀመሩ። ቶምሰን በዚያው ዓመት "ሰር" ተባለ።

በዚያው ዓመት ላቲመር ክላርክ የተባለ መሐንዲስ ቫለንሺያ ላይ ሆኖ ያደረገው ነገር ከየትኛውም ሪፖርት ይልቅ ይናገራል። ሁለቱ ኬብሎች ማዶ ላይ እንዲያያዙ አስደረገ፤ ሲግናል አትላንቲክን አቋርጦ መመለስ አለበት። ከዚያ የብር ቲምብል፣ ልብስ ሰፊዎች ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁትን ማለቴ ነው፣ ውስጡ ጥቂት አሲድና ቁራጭ ዚንክ ከተተ። 1 ቮልት ገደማ። በዚህች ባትሪ የላከው ምልክት ደርሶ በጋልቫኖሜትሩ ተነበበ።

የሕጉ ድንበር

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ቶምሰን ሁልጊዜ ትክክል ይሆን ነበር። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና የኤሌክትሪክ ሰው ዊሊያም ፕሪስ የሬዚስታንስና የካፓሲታንስን ብዜት ይዞ የስልክ ድምፅ ከዚህ ርቀት በላይ አይሄድም እያለ ደነገገ። ድሮ ዋይትሃውስ አልቀበልም ያለው ሕግ አሁን ራሱ ዶግማ ሆነ። የቀድሞው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ኦሊቨር ሄቪሳይድ ግን ቶምሰን በቴሌግራፍ ዝግታ ትርጉም የለውም ብሎ የተወውን ኢንዳክታንስ ወደ እኩልታው መለሰ። በርሜሎቹን በሚያገናኘው ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ክብደት አለው ማለት ነው፤ አንዴ መሄድ ከጀመረ ጎረቤቱ እኩል ሲሆን አይቆምም፣ ይቀጥላል። ፈጣን ለውጥ ላይ ይህ ግፊት ያሸንፋል፣ ስርጭቱም ወደ ሞገድ ይለወጣል፤ ሞገድ ደግሞ ግንባር አለው፣ የመድረሻ ቅጽበትም አለው።

በ1887 ሄቪሳይድ ኢንዳክታንሱን ሆን ብሎ መጨመር መስመሩን እንደሚያሻሽል፣ በተወሰነ ምጣኔ ላይ ደግሞ ሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ተዳክሞ ቅርጹ ሳይበላሽ እንደሚደርስ አሳየ። ፕሪስ አልተቀበለውም። ሚካኤል ፑፒን በ1900 አካባቢ በየርቀቱ ጥቅል የማስገባትን ዘዴ በአሜሪካ ፓተንት አስወጣበት። በ1924 ደግሞ ከኒውዮርክ ወደ አዞረስ ደሴቶች የተዘረጋው ኬብል ፐርማሎይ በተባለ የብረትና የኒኬል ቅይጥ ተጠቅልሎ ኢንዳክታንሱ በርዝመቱ ሁሉ ከፍ እንዲል ተደረገ፣ ፍጥነቱም ከቀደምቶቹ ብዙ እጥፍ ሆነ።